ለማጥለቅ የማይቸግር የግፊት ካልሲ፦ ለድሬዳዋ ሙቀትና ለሐረር ዳገት የትኛው ይሻላል?

እናቴ አልጋዋ ሥር ባለ ካርቶን ውስጥ ሦስት ጥንድ የግፊት ካልሲ አስቀምጣ ነበር። አንዱ ከነማሸጊያው ነው። ሁለተኛው ሁለት ቀን ብቻ ተደርጓል። ሦስተኛው አንድ ጠዋት እስከ ተረከዟ ደርሶ እዚያው ላይ ተትቷል። ሐኪም ያዘዘላት የባቷ ደም መላሽ ሥሮች ስለተወጠሩና ወደ ማታ ቁርጭምጭሚቷ ስለሚያብጥ ነው፤ ትእዛዙ ትክክል ነበር። የጎደለው አንድ ጥያቄ ነው፤ «በየጠዋቱ ማን ያጠልቅልሻል?» ያላት ሰው አልነበረም። ሰባ ዓመት አልፏታል፣ የጣቶቿ መገጣጠሚያዎች ያማሉ፣ ጎንበስ ስትል ወገቧን ይይዛታል። እኔ ድሬዳዋ ውስጥ ከሳቢያን ሰፈር ተነሥቼ ከዚራ ሰፈር ያለው ቤቷ የምደርሰው ከሥራ በኋላ ነው፤ በዚያ ሰዓት እግሯ አብጦ ስለሚቆይ ካልሲው ጨርሶ አይገባም።

ገበያው ግራ ያጋባል። ዚፕ ያለው፣ ጣቱ ክፍት የሆነው፣ በቬልክሮ የሚታሰረው፣ ሁለት ሆኖ የሚደረበው፣ ከብረት ማጥለቂያ ጋር የሚሸጠው ሁሉ «በቀላሉ የሚጠለቅ» ተብሎ ይቀርባል። ከውጭ የመጣ ዘመድ በሻንጣው ይዞት የሚመጣውም አለ። እኔ ሁሉንም የምመዝነው ከአንድ እምነት ተነሥቼ ነው፤ በየቀኑ የሚጠለቅ መለስተኛ ካልሲ፣ ካርቶን ውስጥ ከተቀመጠ ጠንካራ ካልሲ ይበልጣል።

ጣጣው ያለው ተረከዝ ላይ ነው

የግፊት ካልሲ ከሁሉም አብልጦ የሚጨምቀው ከቁርጭምጭሚት ከፍ ብሎ ባለው ቀጭን ቦታ ላይ ነው፤ ወደ ጉልበት ሲወጣ እየላላ ይሄዳል። ደሙ ከታች ወደ ላይ የሚገፋው እንዲህ ሲሆን ነው። ይህን ንድፍ እ.ኤ.አ. በ1950 አካባቢ ያወጣው ኮንራድ ጆብስት የተባለ መሐንዲስ ራሱ የእግር ደም ሥር ሕመምተኛ ነበር፤ መዋኛ ገንዳ ውስጥ ሲቆም እግሩ ቀለል ሲለው፣ ውኃ በጠለቀ ቁጥር የሚጫነው ኃይል እንደሚበረታ አስተዋለና ያንኑ በጨርቅ ሠራው።

አሁን ሜትር ይዘው የራስዎን እግር ይለኩ። የእናቴ እግር ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ዙሪያው 22 ሳንቲ ሜትር ነው፤ በተረከዝና በእግር ጀርባ በኩል ሲዞር ግን 32 ይደርሳል። ስለዚህ ከሁሉ የጠበበው የካልሲው ክፍል ከሁሉ የሰፋውን የእግር ክፍል ማለፍ አለበት። ትግሉ ሁሉ እዚህ ነው፤ ተረከዝ ካለፈ በኋላ ያለው ሥራ ትንሽ ነው። ከታች የምዘረዝራቸው አማራጮችም በሙሉ ለዚህች ለ10 ሳንቲ ሜትር ልዩነት የተሰጡ መልሶች ናቸው። አንዱ ጨርቁን ይከፍተዋል፣ አንዱ ተረከዙን ሳይነካ ያልፋል፣ አንዱ ኃይሉን ለሁለት ይከፍለዋል፣ አንዱ ሰበቃውን ይቀንሳል።

ከመግዛት በፊት

ወደ ንጽጽሩ ከመግባታችን በፊት ላልፈው የማልችለው ነገር አለ። ወደ እግር ደም የሚያደርሰው ሥር የጠበበ ሰው እግሩን መጭመቅ ሊጎዳው ይችላል። ትንሽ ሲራመዱ ባትዎ የሚያምዎና ሲቆሙ የሚተውዎ ከሆነ፣ እግርዎ ቀዝቃዛና የገረጣ ከሆነ፣ የስኳር ሕመም ኖሮብዎ እግርዎ ከደነዘዘ፣ ወይም ከባድ የልብ ድካም ካለብዎ ያለ ሐኪም ፈቃድ ምንም ዓይነት የግፊት ካልሲ አይግዙ። ሐኪሙ የቁርጭምጭሚትን የደም ግፊት ከክንድ ግፊት ጋር ያነጻጽራል፤ የቁርጭምጭሚቱ ለክንዱ ሲካፈል ውጤቱ ከ0.5 በታች ከሆነ ካልሲው አይደረግም፣ ከ0.5 እስከ 0.8 ከሆነ ደግሞ ቀለል ያለው ብቻ፣ ያውም በባለሙያ ክትትል ነው።

አንድ እግር ብቻ በድንገት አብጦ ካመመና ከሞቀ ደግሞ ደም ረግቶ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

ሌላው ማሸጊያው ላይ ያለው ቁጥር ነው። ግፊቱ በሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይጻፋል፤ 15–20 ቀላል፣ 20–30 መካከለኛ፣ 30–40 ጠንካራ ነው። «ክላስ 2» የሚለውን ብቻ አይመኑ፤ በእንግሊዝ መለኪያ ክላስ 2 ማለት 18–24 ሲሆን በጀርመን መለኪያ 23–32 ነው። ነጭ ሆኖ ጣቱ ሥር ቀዳዳ ያለው፣ ግፊቱ ከ8 እስከ 18 የሆነው የሆስፒታል ካልሲ ደግሞ አልጋ ላይ ለተኛ ሕመምተኛ የተሠራ ነው። ለእናቴ መጀመሪያ የተሸጠላት ይህ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ለምትቆም ሴት ምንም አልጠቀማትም፣ ገንዘቡም አልተመለሰላትም።

በምን እንመዝን?

የመጀመሪያው መመዘኛ ተረከዝን የማለፍ ቅለት ነው። ሁለተኛው የታዘዘውን ግፊት ቀኑን ሙሉ መጠበቁ ነው፤ ቀላል ሆኖ ግፊት የሌለው ካልሲ ተራ ካልሲ ነውና። ሦስተኛው ሙቀት ነው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር ደግሞ ወደ 1,900 ትጠጋለች። የደንገጎን ዳገት ወጥቶ ሐረር ሲደርሱ ያለ ችግር የሚደረግ ወፍራም ካልሲ ድሬዳዋ ላይ በግንቦት እኩለ ቀን አይቻልም። ላብ ያለበት ቆዳ ጨርቁን ስለሚይዝ ማጥለቁንም ያከብደዋል።

አራተኛውን በውጭ አገር መመሪያዎች ውስጥ አላገኘሁትም፣ ለእኛ ከተሞች ግን ትልቅ ነው፤ ካልሲው በቀን ስንት ጊዜ ይወልቃል? ለሶላት ውዱእ የሚያደርግ ሰው በቀን እስከ አምስት ጊዜ እግሩን ሊያጥብ ይችላል። ጠዋት በሃያ ደቂቃ ትግል የገባ ካልሲ ቀትር ላይ ከወለቀ ተመልሶ አይገባም። በካልሲ ላይ በእርጥብ እጅ ማበስ መቼ እንደሚፈቀድ፣ ሕመምተኛ ምን እንደሚያደርግ የሚያምኑትን የሃይማኖት አዋቂ ይጠይቁ፤ ካልሲውን ከመግዛትዎ በፊት ይጠይቁ፤ መልሱ የሚገዙትን ዓይነት ሊለውጠው ይችላልና።

የመጨረሻው ወጪ ነው፤ ወጪ ስል የአንዱን ጥንድ ዋጋ ከሚያገለግልበት ጊዜ ጋር አብሬ ነው የማየው።

አማራጮቹ

*ጣቱ ዝግ የሆነው የተለመደ ካልሲ።* በብዛት የሚገኘውና ረከስ የሚለው ይህ ነው። ብዙ ሰው የሚያማርረው አደራረጉን ያሳየው ሰው ስለሌለ ነው። የላይኛውን ጫፍ ይዞ እንደ ተራ ካልሲ መጎተት ዋናው ስሕተት ነው፤ ጨርቁ ይለጠጥና ሁሉም ኃይል ተረከዝ ላይ ይከማቻል። ትክክለኛው መንገድ እጅዎን እስከ ተረከዙ ኪስ ድረስ ከትቶ፣ ኪሱን ቆንጥጦ ይዞ ካልሲውን መገልበጥ ነው። የቀረውን የእግር ክፍል እስከ ተረከዝ ካጠለቁና የተረከዙን ኪስ በቦታው ካስተካከሉ በኋላ የተገለበጠውን ጨርቅ በትንሽ በትንሹ በመዳፍ እያሻሹ ወደ ላይ ማውጣት ነው። የጎማ ጓንት ካደረጉ ጣት መቆንጠጥ አያስፈልገውም፣ መዳፉ ብቻ ጨርቁን ይገፋዋል፤ ለእናቴ ጣቶች ከሁሉም በላይ የረዳት ይህ ርካሽ ጓንት ነው። ቀለበት ይውለቅ፣ ጥፍር ይቆረጥ። ቅባትና ቫዝሊን ለማታ ይቆይ፤ ላስቲኩን ያበላሸዋል።

መቀመጫም ይረዳል። አክስቴ ሐረር ጀጎል ውስጥ በሐረሪ ቤት ነው የምትኖረው፤ ዝቅ ባለው ነደባ (የቤቱ መቀመጫ መደብ) ላይ እግሯን አሳርፋ ከፍ ባለው ላይ ስትቀመጥ ወገቧን ሳታጎብጥ ተረከዟ ላይ ትደርሳለች። ሌላው ቤት አልጋ ላይ ተቀምጦ እግርን ዱካ ላይ ማሳረፍ ይቻላል።

*ጣቱ ክፍት የሆነው ከሚያንሸራትት ገበር ጋር።* የእኔ ምርጫ ለብዙው ሰው ይህ ነው። ለስላሳ ናይለን ከረጢት እግር ላይ ይደረጋል፣ ካልሲው በላዩ ይንሸራተታል፣ ተረከዙን ካለፈ በኋላ ከረጢቱ በጣቶቹ በኩል ባለው ክፍት ቦታ ተስቦ ይወጣል። ሰበቃው ስለሚቀንስ ትግሉ በእጅጉ ይቀላል። አንዳንዱ ካልሲ ከነከረጢቱ ይሸጣል፤ ከሌለ ንጹሕ ቀጭን ፌስታልም ለጊዜው ይሠራል። የሚበረክተው ግን ከኮት ገበር ጨርቅ የተሰፋው ነው። ሐረር ላይ መኪና ግርግር የሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ስሙን ባወጡለት በልብስ ስፌት መኪናዎች ድምፅ እስካሁን ይታወቃል፤ እዚያ ላለ ልብስ ሰፊ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ፣ ስፌቱ ወደ ውጭ የዞረ፣ ጣቱ ጋ ለመጎተቻ ጥብጣብ ያለው ከረጢት ስፋልኝ ማለት በቂ ነው። ስፌቱ ወደ ውጭ የሚዞረው ቆዳ እንዳይልጥ ነው።

ክፍት ጣት በሙቀት ይመቻል፣ ከሸበጥም ጋር ይሄዳል፣ የጣቶችን ቀለም ለማየት ያስችላል። ጣታቸው ራሱ ለሚያብጥ ሰዎች ግን ጠርዙ ስለሚቆርጥ አይሆንም።

*የብረት ማጥለቂያ።* ካልሲው በሽቦ ቅርጽ ላይ ተለጥጦ ይቆማል፣ እርስዎ እግርዎን ወደ ውስጥ ይገፋሉ። ስለዚህ ጎንበስ ማለት ለማይችል፣ እግሩ ግን ኃይል ላለው ሰው ተስማሚ ነው። ካልሲውን ብረቱ ላይ ማልበስ ግን ራሱ የእጅ ጉልበት ይፈልጋል፤ ጣታቸው የደከመ ሰዎች ይህን ሳያውቁ ይገዙታል። ብየዳ ቤት ማሠራት ይቻላል። ሲያዙ ለስላሳ ቶንዲኖ ይሁን ይበሉ፣ ፌሮ ጥርሱ ጨርቁን ይበላዋል፤ ጫፉም በደንብ ይሞረድ።

*ዚፕ ያለው።* ስለዚህ ረዘም አድርጌ እናገራለሁ፣ ገዢ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው እርሱን ነውና። አሳቡ ማራኪ ነው፤ ጨርቁ ስለሚከፈት ተረከዝ ያለ ትግል ያልፋል። ነገር ግን ትግሉ አልጠፋም፣ ወደ ዚፑ ተዛውሯል። የተከፈተውን ጨርቅ ባትዎ ላይ ሰብስበው ሁለቱን ጠርዝ ማገናኘት አለብዎት፣ እውነተኛ 20–30 ግፊት ያለው ካልሲ ዚፑ በቀላሉ አይወጣም። ያለ ምንም ኃይል የሚዘጋ ከሆነ ማሸጊያው የሚለውን ግፊት መስጠቱን ይጠራጠሩ። በተጨማሪም ዚፕ አይለጠጥም፤ በእርሱ መስመር ላይ ግፊቱ ይዛባል፣ ከሥሩ ቆዳን የሚሸፍን ጨርቅ ከሌለውም ይቆነጥጣል። ቁርጭምጭሚት አጥንት ላይ የሚያልፍ ዚፕ፣ ቆዳው ለሳሳ አዛውንት ወይም ቁስል ላለበት ሰው አደጋ ነው። ለቀላል ግፊትና ለጤናማ ቆዳ ግን ጥሩ መፍትሔ ሊሆን ይችላል፤ በቀን ደጋግሞ ለሚያወልቅም ይመቻል።

ያላችሁን ካልሲ ለልብስ ሰፊ ሰጥታችሁ ዚፕ አታስገጥሙ። ሹራቡ ሲቆረጥ ይተረተራል፣ ግፊቱም ይጠፋል። መኪና ግርግርን ያመሰገንኩት ለገበሩ ብቻ ነው።

*ሁለት ስስ ካልሲ ተደራርቦ።* ሁለት 15–20 የሆኑ ካልሲዎች አንዱ በሌላው ላይ ሲደረጉ ግፊታቸው በግርድፉ ይደመራል። እያንዳንዱ ለብቻው ተረከዝን በቀላሉ ያልፋል፣ ሁለተኛው ደግሞ በመጀመሪያው ላይ ይንሸራተታል። ጠንካራ ግፊት ለታዘዘላቸውና እጃቸው ለደከመ ሰዎች ብልኅ መንገድ ነው፤ ማታ ሲቀመጡም የላዩን ብቻ ማውለቅ ይቻላል። ጉዳቱ ሙቀቱ ነው። ለሐረር ይሁን እላለሁ፤ ድሬዳዋ ላይ በሙቀቱ ወራት አልመክረውም። ሐኪም ሳይስማማ መደራረብም አይገባም።

*በቬልክሮ የሚታሰር መጠቅለያ።* ከፋሻ በቀር ተረከዝን ጨርሶ የማይታገለው ይህ ብቻ ነው። የማይለጠጥ ወፍራም ጨርቅ ባት ላይ ይጠቀለልና ከታች ወደ ላይ በተደራረቡ ማሰሪያዎች ይታሰራል። አንዳንዱ ምን ያህል እንደተሳበ የሚለካበት ካርድ አለው። እብጠቱ ቀትር ላይ ሲቀንስ እንደገና ማጥበቅ ይቻላል፣ ለውዱእ በደቂቃ ወልቆ ተመልሶ ይታሰራል፣ ኃይል የሚጠይቀው የአንድ እጅ ብቻ ነው። ለዝሆኔና ለሌላ ከባድ እብጠት፣ ቅርጹ ለተለወጠ እግር፣ ቁስል ላለበትም ይስማማል። ይሞቃል፣ ጫማ ውስጥ አይገባም፣ ግዢው ላይ ከሁሉም ይወደዳል፤ በአግባቡ ከተያዘ ግን ከካልሲ ይበልጥ ይቆያል።

*ፋሻ።* በየፋርማሲው ያለው ተለጣጭ ፋሻ ለወለምታ ነው። ለእብጠት የሚሆነው እምብዛም የማይለጠጠው ዓይነት ሲሆን የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል። ቁስል እስኪድን በነርስ ይደረግ፣ ለዕለት ተዕለት አይሁን።

| አማራጭ | ተረከዝን ማለፍ | ግፊትን መጠበቅ | በድሬዳዋ ሙቀት | በቀን ደጋግሞ ማውለቅ | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| ጣቱ ዝግ | ከባድ፤ በጓንት ይቀላል | ጥሩ | መካከለኛ | አይመችም | ዝቅተኛ |
| ጣቱ ክፍት ከገበር ጋር | ቀላል | ጥሩ | የተሻለ | መካከለኛ | ዝቅተኛ |
| የብረት ማጥለቂያ | ቀላል፤ እጅ ግን ያስፈልጋል | እንደ ካልሲው | እንደ ካልሲው | አይመችም | አንዴ ብቻ |
| ዚፕ | በጣም ቀላል | አጠራጣሪ | መካከለኛ | ይመቻል | መካከለኛ |
| ሁለት ስስ | ቀላል | በጣም ጥሩ | ከባድ | አይመችም | መካከለኛ |
| የቬልክሮ መጠቅለያ | ትግል የለም | በጣም ጥሩ | ከባድ | በጣም ይመቻል | ከፍተኛ |
| ፋሻ | ትግል የለም | በእጁ ሙያ ይወሰናል | ከባድ | አይሆንም | ዝቅተኛ |

ለማን የትኛው?

ድሬዳዋ ታይዋን በሚባለው ገበያ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ለሚውል ነጋዴ፣ ለመምህር፣ ለፀጉር ሠሪ፣ እግሩ ለሚከብደው ግን ቁስል ለሌለበት ሰው ጣቱ ክፍት የሆነ 15–20 ይበቃዋል። አዲስ አበባ ድረስ በአውቶቡስ ለሚጓዝም እንዲሁ።

ብቻውን ለሚኖርና እጁ ለደከመ አዛውንት፣ አቅም ካለ፣ ሳላመነታ መጠቅለያውን እመርጣለሁ። አቅም ከሌለ ሐኪሙን «ግፊቱን አንድ ደረጃ ዝቅ ማድረግ ይቻላል?» ብለው ይጠይቁ፤ ይህን መጠየቅ አያሳፍርም። ከእናቴ ጋር ያደረግነው ይህንኑ ነው። ሐኪሙ ከ20–30 ወደ 15–20 አውርዶላት፣ ገበሯንና ጓንቷን ይዛ ራሷ ታጠልቃለች።

የሚረዳ ልጅ ወይም ጎረቤት በየጠዋቱ ካለ የተለመደው ካልሲ ይበቃል፤ ገንዘቡን ለሁለተኛ ጥንድ ያውሉት፣ አንዱ ሲታጠብ አንዱ እንዲኖር። እጥበቱ በለብ ባለ ውኃና በቀላል ሳሙና፣ ያለ በረኪና ይሁን፤ የሚሰጣውም ጥላ ሥር ነው። የድሬዳዋ ፀሐይ ላስቲክን ታደርቃለች።

ለበርጫም ይሁን ለጨዋታ ከሰዓት በኋላ ፍራሽ ላይ እግሩን አጥፎ ረጅም ጊዜ ለሚቀመጥ ሰው ደግሞ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። እስከ ጉልበት የሚደርስ ካልሲ ከጉልበት ጀርባ ይታጠፋል። የታጠፈ ጨርቅ ግፊቱ እጥፍ ነው፣ እንደ ገመድ ያስራል። እግርዎን ዘርግተው ይቀመጡ፣ ካልሲው ቢረዝም እንኳ ጫፉን ወደ ታች አይጠቅልሉት።

ልኩና ሙከራው

ልክ የሚወሰደው ጠዋት፣ ከአልጋ እንደተነሡ፣ እግር ሳያብጥ ነው፤ ለሚሰግዱ ከሱብሒ በኋላ ያለው ሰዓት ለልኩም ለማጥለቁም ምርጥ ነው። ሦስት ቁጥር ይጻፉ፤ ከቁርጭምጭሚት በላይ ያለውን ቀጭን ዙሪያ፣ የባትን ወፍራም ዙሪያ፣ ከወለል እስከ ጉልበት መታጠፊያ ያለውን ርዝመት። የጫማ ቁጥር ብቻ ጠይቆ ካልሲ የሚሸጥልዎትን ሰው አይቀበሉት። መደብሩ ውስጥ ካልሲውን የሚያጠልቀው ሻጩ ሳይሆን ቤት ውስጥ የሚያጠልቀው ሰው ይሁን፤ ተቀምጦ፣ በገዛ እጁ፣ ተረከዙ እስኪያልፍ። ካደረጉ በኋላ ጣቶችዎ ከገረጡ፣ ከጠቆሩ ወይም ከደነዘዙ ወዲያው ያውልቁት።

በየቀኑ የሚደረግ ካልሲ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ያገለግላል። አንድ ቀን ጠዋት ያለ ምንም ትግል ከገባልዎ እጅዎ ስለለመደ አይደለም፤ ላስቲኩ ደክሟልና ይለውጡት።